«የለም» እና «መልስ አልደረሰኝም»

ሰው ለጠየቀው ነገር ከሦስት አንዱን ያገኛል፤ አለ፣ የለም፣ ወይም የተላከው መልእክተኛ ገና አልተመለሰም። ሦስተኛውን ከሁለተኛው ጋር የሚያደባልቅ ሰው በሰፈራችን ቢገኝ ሞኝ ወይም ዋሾ እንለዋለን። አንዳንድ የቤተ መጻሕፍት ድረ ገጾች ይህንኑ ሲያደርጉ ግን ዝም ብለን እናልፋቸዋለን። ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ ስላየሁ፣ ውድ የመጽሔታችን አንባብያን እንዲፈርዱት ነገሩን አቀርባለሁ።

በ2014 ዓ.ም. የእናቴ ታናሽ ወንድም በቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነበር። እኔ ያን ጊዜ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። አጎቴ ሲፈታ የሚተዳደርበትን ሙያ ለመማር አስቦ የሒሳብ አያያዝ መጽሐፍ እንዲፈለግለት ለእናቴ ነገራት። በእስር ያለ ሰው ኢንተርኔት ከፍቶ አይፈልግም፤ ጠያቂም ስልኩን ይዞ አይገባም። ጥያቄው ከባዶው የስንቅ ዕቃ ጋር በቃል ይወጣል፤ መልሱም በሚቀጥለው የጥየቃ ቀን ከስንቁ ጋር በቃል ይገባል። እኔም ስሙን በማልጠቅሰው ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ የመጽሐፉን ስም ጻፍሁ። ገጹ ወዲያው «0 መጻሕፍት ተገኙ» አለ። እናቴ «እንግዲህ የለም እለዋለሁ» ስትል፣ «እማዬ፣ እስኪ ቆዪ» አልኋት። የቤታችን መስመር እንዲህ ፈጥኖ አያውቅምና ነው።

በማግሥቱ የኮምፒዩተር ክበባችን መምህር ኤፍ 12 የሚባለውን ቁልፍ ተጭነው የገጹን ጓዳ አሳዩን።

ለወላጆች ነገሩ እንዲገባ ጥቂት ላስረዳ። የድረ ገጾች ቋንቋ የሆነውን ጃቫስክሪፕትን ብሬንዳን አይክ በ1995 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ቅርጽ ያስያዘው በ10 ቀን ውስጥ ነበር። ይህ ቋንቋ በአንድ ጊዜ የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ ስለሆነ፣ ከሩቅ ኮምፒዩተር አንድ ነገር ሲጠይቅ ቆሞ አይጠብቅም። ባለሙያ ሴት ወጡን ጥዳ እስኪበስል ቡናውን እንደምትቆላ፣ እርሱም ጥያቄውን ልኮ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። ዘዴው መልካም ነው፤ ጥፋት የሚሆነው ወጡ ሳይወርድ ገበታው ሲቀርብ ነው። ያ ገጽ 0 ብሎ የጻፈው ጥያቄውን በላከበት ቅጽበት፣ ምንም መልስ ሳይመጣለት ነበር።

በኋላ የመጣው መልስ ደግሞ 500 የሚል ቁጥር የያዘ ነበር፤ ይህም የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ራሱ ተሰናክሏል ማለት ነው። ፌች የተባለው የመጠየቂያ ትእዛዝ መስመሩ ካልተቋረጠ በቀር 404ንም ሆነ 500ን እንደ ስሕተት አይቆጥርም፤ ቁጥሩን መመርመር የፕሮግራም አዘጋጁ ግዴታ ነው። ይህ አዘጋጅ አልመረመረም፤ ይባስ ብሎ ማናቸውም ስሕተት ሲደርስ ባዶ ዝርዝር እንዲተካ አዝዟል። ባለቤቱ ታምሞ የተዘጋ ሱቅ በሩ ላይ «ስኳር የለም» ብሎ እንደ መለጠፍ ነው። መጽሐፉማ ነበረ፤ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደግመን ስንሞክር ከነመደርደሪያ ቁጥሩ ወጣ።

የሚያስገርመው፣ ቋንቋው ራሱ ልዩነቱን ያውቃል። በ2015 እ.ኤ.አ. የገባለት ፕሮሚስ፣ ማለትም ቃል መግባት፣ ሦስት ሁኔታ አለው፤ በመጠበቅ ላይ ያለ፣ የተፈጸመ፣ ያልተሳካ። ሦስቱን ወደ አንድ ዜሮ የጨፈለቀው ሰው ነው።

በአማርኛ ሲጻፍ ሌላም ችግር አለ። አንዱ ፊደል ብዙ ጊዜ በሁለት ቁልፍ ስለሚሠራ «ሒ» ከመሆኑ በፊት «ሕ» ሆኖ ይታያል፤ ገጹም ለዚህ ለግማሹ ጥያቄ ይልካል። የፊተኛው ጥያቄ መልስ ከኋለኛው ዘግይቶ ሲደርስ ትክክለኛውን ደምስሶ በቦታው ይቀመጣል። («ሂሳብ» እና «ሒሳብ» አንድ መሆናቸውን ገጹ አለማወቁን ለሌላ ጽሑፍ አቆየዋለሁ።)

አንዳንድ ጓደኞቼ «ገጹን እንደገና መክፈት ነው፤ ምን ያስጨንቃል?» ይላሉ። ለእነርሱ እውነት ነው፤ አንድ ሰከንድ ይፈጃል። በአጥሩ ማዶ ላለ ሰው ግን «የለም» የሚለው ቃል እስከሚቀጥለው ጥየቃ ድረስ ይቆያል፤ እርሱም ሊመረምረው አይችልም፤ ምናልባትም ሙያውን የመማር አሳቡን ይተወዋል። ቃሊቲ በ8 ዞን የተከፈለ ስለ ነበረ በ2004 ዓ.ም. ወጣት ጦማሪዎች የውጭውን ዓለም «ዞን 9» ብለው መሰየማቸው ይታወሳል። ገጻቸው በአገር ውስጥ በተዘጋ ጊዜ አንባቢ የሚያየው መልስ አለመምጣቱን ነበር፤ ከዚያ ተነሥቶ «ምንም አልተጻፈም» ማለት ግን አይችልም ነበር።

ስለዚህ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ሲያሠሩ እንዲህ ያዝዙ እላለሁ። ጥያቄው የሚላከው የጻፈው ሰው ጣት ለጥቂት ካረፈ በኋላ ይሁን፤ አዲስ ጥያቄ ሲላክ የቀደመው ይሰረዝ፤ መልስ ካልደረሰ «መልስ አልደረሰንም፤ እንደገና ይሞክሩ» ተብሎ በአማርኛ ይጻፍ። ከመረከባቸውም በፊት በፈጣን መስመር ብቻ ሳይሆን በአሳሹ መመርመሪያ መስመሩን ሆን ብለው አዘግይተው ይፈትኑት።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች በ64ኛው ላይ እያንዳንዱ ማረሚያ ቤት ቤተ መጻሕፍት እንዲኖረው ያዛሉ። ለዚያ የሚሆን የመጻሕፍት ዝርዝር በወረቀት አትሞ ወደ ማረሚያ ቤቶች መላክ ብዙ ወጪ የለውም። በራስጌውም የታተመበት ቀን ይጻፍበት።