መብራት ሲመጣ መጋዙ ለምን ይነሳል?

መብራት ሲሄድ እንጨት ቤት ውስጥ መጋዙ ቀስ እያለ ይቆማል። ሠራተኛው ደግሞ ሥራ ከመፍታት ብሎ ከምላጩ ሥር የተሰገሰገውን ስብርባሪ በእጁ መልቀም ይጀምራል። ማብሪያ ማጥፊያው ግን እንደበራ ነው። መብራት በመጣበት ቅጽበት ማሽኑ ይነሳል፤ የሰው ጣት የት እንዳለ አይጠይቅም።

ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ግራና ቀኝ እንጨት ቤት፣ ብየዳ ቤትና ወፍጮ ቤት ሞልቷል። ምሥራቅ ጎጃም የጤፍ አገር እንደመሆኑ ወፍጮው ሥራ አያጣም። በእነዚህ ቤቶች መብራት ሄዶ መምጣቱ የተለመደ ስለሆነ፣ ያረጀ ማብሪያ ሲቀየር በምን ይተካ የሚለው ጥያቄ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ብቻ የሚተው አይደለም።

ማብሪያው የሚያረጀው ያለ ምክንያት አይደለም። ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ከ5 እስከ 8 እጥፍ የሚደርስ ከረንት ይስባል። ማብሪያው በተነካ ቁጥር በመገናኛ ጫፎቹ መካከል ብልጭታ ስለሚፈጠር ብረቱ እየተበላና እየጠቆረ ይሄዳል። የእንጨት ብናኝ ወይም ዱቄት ሲገባበት ይብስበታል፤ ይግላል፣ ፕላስቲኩም ይቀልጣል። ባለ3 ፌዝ ሞተር ላይ አንዱ ጫፍ መንካት ሲያቆም ሞተሩ እያጓራ በቀሩት 2 ፌዞች ይሠራል። ጭነቱ ካልቀነሰ በእነዚህ የሚያልፈው ከረንት ወደ 1.7 እጥፍ ያድጋል። መጨረሻው ሞተር ማስጠቅለል ነው።

የተለመደው መፍትሔ ግን «ለዛሬ ይሥራ» ነው። ሽቦ ጠምዝዞ በቀጥታ ማገናኘት፣ ወይም ለአምፖል የተሠራ ማብሪያ መግጠም። ባለቤቱን መውቀስ ቀላል ነው፤ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀው፣ ትክክለኛው ዕቃ ከከተማው ገበያ ሲጠፋ ምን ያድርግ?

ቢሆንም ያረጀውን በዚያው ዓይነት አዲስ የሞተር ማብሪያ መተካት እንኳ አይበቃም። የሚያስፈልገው ኮንታክተር ያለው፣ አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ ያለው ማስነሻ ነው። አረንጓዴው ሲጫን በኮንታክተሩ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል፣ ማለትም ኮይሉ፣ ማግኔት ሆኖ መገናኛዎቹን ይይዛል። መብራት ሲጠፋ ኮይሉ ይለቃል፤ መብራት ቢመለስም አረንጓዴው እንደገና ካልተጫነ ማሽኑ አይነሳም። ከሞተሩ ከረንት ጋር የተስተካከለ የኦቨርሎድ መከላከያ ሲታከልበት ደግሞ ሞተሩ ከመቃጠሉ በፊት ይቆርጣል።

ሲገዛ ጽሑፉን ማንበብ ያስፈልጋል። ለምድጃ ዓይነት ጭነት 25 አምፒር የሚችል ኮንታክተር፣ «ኤሲ-3» በሚባለው የሞተር ምድብ 9 አምፒር ብቻ ሊሆን ይችላል። የኮይሉም ቮልቴጅ 220 ይሁን 380 ተለይቶ መታወቅ አለበት።

በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ፣ የእንጨት ሥራ ማሽን መብራት ሲመለስ በራሱ ተነስቶ ሠራተኛን ሊጎዳ የሚችል ከሆነ ይህን የሚከለክል ነገር እንዲገጠምለት በግልጽ ይጠየቃል። በእኛም አገር የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ነገር ግን አባት ከልጁ፣ ባለሙያ ከለማጅ ጋር በሚሠራበት ትንሽ ቤት አዋጁን ማን ገልጦ ያየዋል?

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ኃይል ሲጨምር የሚተከለው ሞተርም ይበዛል። ስለዚህ ለእነዚህ ቤቶች ፈቃድ የሚሰጡና የሚያድሱ የወረዳና የከተማ ጽሕፈት ቤቶች አንድ ፍተሻ ቢጨምሩ አይከብዳቸውም። እንጨት ሳይገባ፣ ሰውም ከማሽኑ ርቆ ሞተሩ ይነሳ፤ ከዚያ ብሬከሩ ይውረድ፤ ምላጩ ፈጽሞ ሲቆም ብሬከሩ ይመለስ። ማሽኑ በራሱ ከተነሳ ማስነሻው እስኪቀየር ፈቃዱ ይቆይ። የመግጠሙን ሥራ የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ሆነው፣ መስመሩን ቆርጠውና በቴስተር አረጋግጠው እንደ ተግባር ልምምድ ቢሠሩት ባለቤቱ የሚከፍለው የዕቃውን ዋጋ ብቻ ይሆናል።