ነርሶች ከሆስፒታል ስለ ምን ይወጣሉ?

አንዲት ነርስ የሆስፒታል ሥራዋን ስትለቅ «ገንዘብ አታሏት ነው፤ የሙያ ፍቅር የላትም» የሚል ወቀሳ ወዲያው ይከተላታል። የደመወዝ ማነስ እውነተኛ ምክንያት መሆኑ አይካድም። የኬንያ የመንግሥት ሆስፒታል ነርሶች በ2009 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምረው ለአምስት ወራት ያህል ሥራ ያቆሙት፣ የኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎችም በግንቦት 2017 ዓ.ም. አቤቱታቸውን እስከ ሥራ ማቆም ያደረሱት በዋናነት በክፍያ ጥያቄ ነው። የመንግሥት በጀት ውስን ነው ይባላል። የተሠራበትን የትርፍ ሰዓት ክፍያ ለወራት ማዘግየት ግን የአስተዳደር ጉድለት ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩን በደመወዝ ብቻ መደምደም፣ ነርሲቱ በሌሊት ተራዋ የምታየውን አለማየት ነው። ከአልጋው የማይነሣ ሕመምተኛ ገላው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ እንደሚገባው ተምራለች። ዳሩ ግን በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ስታድር፣ ለአንዱ መርፌ ስትወጋ የሌላው ሰዓት ያልፋል፤ ግሉኮሱ ያለቀበት ይጣራል፤ ትንፋሽ ያጠረው ያቃስታል። ቁስሉ ሲወጣ ምን እንደ ጎደለ ከሁሉ ቀድማ የምታውቀው እርሷ ናት። ጓንትና መድኃኒት ሲጠፋም «ከውጭ ግዙ» የሚለውን ቃል የምትናገረው እርሷ በመሆኗ፣ የዘመድ ቁጣ የሚያርፈው በግዢ ሹሙ ላይ ሳይሆን በእርሷ ላይ ነው። ችግሩ ድካም ብቻ ቢሆን ኖሮ ዕረፍት ባበረታት ነበር። ልቧን የሚሰብረው ማድረግ የሚገባትን እያወቀች ሳታደርገው መንጋቱ ነው።

እንግዲህ ውዳሴ ይህን አይጠግነውም፤ በክፍያና በረዳት ፈንታ ሲሰጥማ ሽንገላ ይሆናል። ፍሎረንስ ናይቲንጌልን ሰው ሁሉ የሚያስታውሳት በፋኖሷ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ወደ ስኩታሪ የጦር ሆስፒታል ከሄደች በኋላ ግን ስለ ቆሻሻው፣ ስለ አልባሳቱና ስለ ምግቡ ለባለሥልጣኖች አጥብቃ ትጽፍ ነበር፤ የሙታንን ቁጥር አስልታም ጉድለቱን በማስረጃ አሳይታለች። ነርሶችን በፋኖስ እየመሰሉ የሚያወድሱ ሹማምንት ደብዳቤዎቿንም ቢያነቡ መልካም በሆነ።

ከሚወጡት አንዳንዶቹ ወደ ግል ክሊኒክ፣ አንዳንዶቹ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይሄዳሉ፤ ሙያውን ጨርሰው የሚተዉም አሉ። ሌላ ሥራ በቀላሉ የሚያገኙት ልምድ ያካበቱት ናቸው። በእነርሱ ስፍራ የገባችው አዲስ ተመራቂ የሕፃን ደም ሥር ፈልጋ ስታጣ፣ እጇን ይዞ የሚያሳያት አይኖርም፤ የሌሊቱንም ክፍል ብቻዋን ትረከባለች።