ሁለቱ ናውሲካዎች

ፊልሙ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት፣ አጠገቧ የቆሙትን ልጆች ዓይን እንዲሆኑላት ትለምናለች። ልጆቹም የሚያዩትን ይነግሯታል፦ የሞተችው ልዕልት ተነሥታለች፤ ልብሷ ሰማያዊ ሆኗል፤ ወርቃማ ሜዳ በሚመስል ነገር ላይ ትራመዳለች። የጥንቱ ትንቢት መፈጸሙ የገባት አሮጊት ታለቅሳለች፣ የጆ ሂሳኢሺም ሙዚቃ ከፍ ይላል። ይህን ትዕይንት ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላስታውስም፤ አንድም ቀን ግን ዓይኔ ሳይረጥብ አላለፈም። መጽሐፉን አንብቤ ከጨረስኩ ወዲህ ግን እንባው ብቻውን መምጣቱን ትቷል። ጥያቄ አስከትሎ ነው የሚመጣው።

«የነፋስ ሸለቆዋ ናውሲካ» ሁለት ጊዜ ተሠርታለች። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።) አንደኛዋ በ1984 በጃፓን ሲኒማ ቤቶች የታየች የ117 ደቂቃ አኒሜ ናት። ሁለተኛዋ ከ1982 እስከ 1994 ድረስ «አኒሜጅ» በተባለ ወርሃዊ መጽሔት ላይ እየተቋረጠች ስትወጣ የቆየች፣ በኋላ በ7 ቅጽ የተሰበሰበች ማንጋ፣ ማለትም በሥዕል የተተረከች የጃፓን መጽሐፍ ናት። የሁለቱም ባለቤት አንድ ሰው ነው፤ ሃያዎ ሚያዛኪ። እንግዲህ «ዳይሬክተሩ የደራሲውን ሥራ አበላሸበት» የሚለው የተለመደ ስሞታ እዚህ አይሠራም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ሆኖ፣ ከአንድ እጅ የወጡት ሁለቱ ናውሲካዎች በመጨረሻ ሰዓት ፊት ለፊት የሚቃረን ነገር ይናገራሉ።

የነገሩ አጀማመር ራሱ ያስቃል። ሚያዛኪ መጀመሪያ የፊልም ሐሳብ ይዞ ነበር ወደ አሳታሚው ቶኩማ ሾተን የቀረበው። መነሻ የሚሆን መጽሐፍ የሌለው ታሪክ ነው ተብሎ ተመለሰ። የ«አኒሜጅ» አርታኢ ቶሺዮ ሱዙኪ እንግዲያውስ መጽሐፉን ራስህ ሣለው አለው። ሚያዛኪም እሺ አለ፣ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ ፊልም እንዳይሠራበት። ብዙም ሳይቆይ ቃሉን አጠፈና ፊልሙን መሥራት ጀመረ።

ይህን ያነሣሁት ለወግ ያህል አይደለም። ፊልሙ ሲሠራ ከመጽሐፉ የተጻፈው ሁለት ቅጽ ያህል ብቻ ነበር። «ፊልሙ አምስቱን ቅጽ ዘለላቸው» እያሉ የማንጋው አፍቃሪዎች መውቀሳቸው፣ ገና ያልተወለደ ልጅ ለምን ሠርግ ላይ አልተገኘም እንደማለት ነው። በዚያን ጊዜ ናውሲካ ወዴት እንደምትሄድ ሚያዛኪ ራሱም ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ላላየው አንባቢ ዓለሙን ባጭሩ ልንገር። የሰው ልጅ የኢንዱስትሪ ሥልጣኔ «ሰባቱ የእሳት ቀናት» በተባለ ጦርነት ከወደመ አንድ ሺህ ዓመት አልፏል። ምድርን የብስባሽ ባሕር የሚሉት የሻጋታና የፈንገስ ደን እየዋጣት ነው፤ ደኑ የሚተነፍሰው መርዝ ያለ ጭንብል የገባን ሰው በደቂቃዎች ይገድላል። የደኑ ጠባቂዎች ኦሙ ይባላሉ፣ ቤት የሚያህሉ ባለ 14 ዓይን ነፍሳት። በባሕር ነፋስ ከመርዙ በተጠበቀች ትንሽ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ነፍሳትን የምትወድ አንዲት ልዕልት አለች። ስሟ ከሆሜር «ኦዲሴይ» ነው የመጣው፤ ጠባይዋ ደግሞ ትል መሰብሰብ ከምትወድ የጥንት የጃፓን ተረት ወይዘሮ።

ፊልሙ ከዚህ ሁሉ ምን ወሰደ? ጥቂት ወሰደ፣ የወሰደውን ግን አጠራ። በመጽሐፉ ሁለት ታላላቅ መንግሥታት ይዋጋሉ፣ ቶርሜኪያና ዶሮክ። ፊልሙ ዶሮክን ከነጭራሹ ሰርዞ ክፋቷን ለትንሿ ከተማ ለፔጂቴ አሸከማት፤ ኦሙዎችን ለማስቆጣት ግልገላቸውን ወግተው የሚያንጠለጥሉት እዚያ ፔጂቴዎች ናቸው። በመጽሐፉ የሸለቆው ሰዎች የቶርሜኪያ ገባር ስለሆኑ ናውሲካ በግዴታ ወደ ጦርነቱ ትሄዳለች፣ አባቷም በሕመም ይሞታል። በፊልሙ ቶርሜኪያዎች ሸለቆውን ወረው አባቷን በአልጋው ላይ ይገድሉታል። ለውጡ ታሪኩን ቀላል አድርጎታል፤ ማን በዳይ፣ ማን ተበዳይ እንደሆነ ለመለየት ማንም ልጅ አይቸገርም። ይህ ጉድለት ነው? ለሁለት ሰዓት ፊልም አይመስለኝም። ማንጋውን ይዘው የሚቀመጡ ሰዎች ስንት ጊዜ ወደ ኋላ ገልጠው «ይሄ ሰውዬ የማን ወገን ነበር?» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ እኔም አንዱ ነኝ።

ፊልሙ የሚያሸንፈው ግን ታሪክ በማሳጠር አይደለም። የሚያሸንፈው በእንቅስቃሴና በዝምታ ነው። ናውሲካና የፔጂቴው ወጣት አስቤል አሸዋ ውስጥ ሰምጠው ከደኑ በታች የሚገኙበት ቦታ አለ። ከላይ ጥሩ አሸዋ ብቻ ይዘንባል፤ ዛፎቹ ደንጊያ ሆነዋል፤ ውሃው ንጹሕ ነው። ናውሲካ ጭንብሏን አውልቃ ትተነፍሳለች። ደኑ መርዝ የሚያመነጭ ሳይሆን የሰው ልጅ የተወውን መርዝ እየጠጣ ምድርን የሚያጠራ መሆኑን የምንረዳው እዚያ ነው። ሚያዛኪ ይህን ሐሳብ ሲያስብ የሚናማታ ባሕረ ሰላጤ በልቡ ነበር፦ ፋብሪካ የለቀቀው ሜርኩሪ ሕዝቡን ሲጨርስ ዓሣ ማጥመድ ቆመ፣ ሰው የሸሸው ባሕር ግን በዓሣ ተሞላ። መጽሐፉም ይህንኑ ይነግረናል፤ የአሸዋው መውረድ ግን በወረቀት ላይ አይሰማም።

ስለ ኦሙዎቹም አንድ ነገር ልበል። በፊልሙ ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ሰውነታቸው እንደ አኮርዲዮን ይሳባል፣ ይሰበሰባል። ይህ በኮምፒውተር የተሠራ እንዳይመስላችሁ። ለየብቻ የተቆረጡ የሥዕል ቁርጥራጮች በላስቲክ ተያይዘው፣ በየፍሬሙ ትንሽ ትንሽ እየተሳቡ ነው የተቀረጹት። የጥንቱን ጦርነት መሣሪያ፣ የሚበሰብሰውን ግዙፍ ተዋጊ ያንቀሳቀሰው ደግሞ በኋላ «ኢቫንጌሊዮን»ን የሠራው፣ ያኔ ገና ጀማሪ የነበረው ሂዴአኪ አኖ ነው። ሥጋው እየቀለጠ ጨረሩን የሚተፋበትን ደቂቃ ማንም የማንጋ ገጽ አይተካውም።

አሁን ሚዛኑን ወደ ሌላው ልመልሰው።

መጽሐፉ በቡናማ ቀለም የታተመ ነው፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የቆየ መዝገብ የመግለጥ ስሜት ይሰጣል። ከሺህ ገጽ በላይ ነው፤ ሳጥኖቹ ጠባብ ናቸው፤ እያንዳንዷ በጥቃቅን መስመር ተሞልታለች። በእነዚያ ሳጥኖች ውስጥ ፊልሙ ያላገኘው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ሙሉ በሙሉ ክፉ የሆነ ሰው ማግኘት ይቸግራል።

ኩሻናን ውሰዱ። በፊልሙ ነፍሳት ክንዷን የነጠቋት፣ ደኑን ላቃጥል ብላ የመጣች የብረት ልዕልት ናት፤ ታስፈራለች፣ ትንሽም ታሳዝናለች፣ ከዚያ በላይ አትሄድም። በመጽሐፉ ግን ለእሷ የተቀዳውን መርዝ እናቷ ጠጥታ አእምሮዋን የሳተችባት ልጅ ናት፤ አባቷና ወንድሞቿ ሊያጠፏት ይዶልታሉ፤ እሷ ደግሞ ለሞት የተላኩ ወታደሮቿን ለማዳን አገር ታቋርጣለች። በቀል ይዛ ጀምራ፣ በመጨረሻ አገሯን እየመራች ዘውዱን ሳትጭን የኖረች ሴት ትሆናለች። ለእኔ የመጽሐፉ እውነተኛ ባለ ታሪክ ከናውሲካ ይልቅ እሷ የምትመስለኝ ጊዜ አለ።

ግዙፉ ተዋጊም እንዲሁ ነው። በፊልሙ ያለ ጊዜው ተወልዶ የሚቀልጥ መሣሪያ ነው። በመጽሐፉ ግን ናውሲካን «እናቴ» ብሎ ይጠራታል። እሷም ስም ታወጣለታለች፣ ኦማ ብላ። አቅፋ ልታሳድገው የማትችለውን፣ ጨረሩ ሁሉን የሚያጠፋ ሕፃን ይዛ ትጓዛለች፤ ከመጀመሪያ ጀምሮ በትከሻዋ ላይ የነበረው ትንሹ እንስሳዋ ቴቶ በዚያ መንገድ ላይ ይሞታል። ፊልሙን ብቻ ላዩ ልጆች ይህን መንገር ጭካኔ ነው።

ከዚያ ሹዋ ይመጣል፤ የሁለቱ ናውሲካዎች መለያያ እዚህ ነው። በዚህች የዶሮክ ቅዱስ ከተማ ባለው መቃብር ውስጥ ናውሲካ የምታገኘው እውነት ፊልሙ ያስተማረንን ይገለብጠዋል። ደኑ ተፈጥሮ በራሷ ጊዜ ያበቀለችው ፈውስ ሳይሆን፣ ከሺህ ዓመት በፊት የነበሩ ሊቃውንት ያቀዱት የማጽጃ ሥራ ነው። የዛሬዎቹ ሰዎችም መርዙን እንዲችሉ ተደርገው የተለወጡ ናቸው፤ ምድር ስትጸዳ ንጹሑ አየር ራሱ ሳንባቸውን ያደማዋል። ለንጹሑ ዓለም የተዘጋጁት፣ በመቃብሩ ውስጥ በእንቁላል የተቀመጡ ሌሎች የዋህ ሰዎች ናቸው። ናውሲካ ምን ታደርጋለች? ኦማን አዝዛ መቃብሩን ታፈርሰዋለች፣ እንቁላሎቹንም ጭምር። ከመቃብሩ የሚፈስሰው ደም ከኦሙ ደም ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ታያለች። ከዚያ ወጥታ ሕዝቡን ትዋሻለች።

ይህ ፍጻሜ አንባቢውን ሁለት ቦታ ይከፍላል፤ መክፈሉም ተገቢ ነው። አንዱ ወገን፣ ሰውን ለራሱ ዓላማ የሚያርም ዕቅድ ከመቀበል ሟችና ቆሻሻ ሆኖ በነጻነት መኖር ይሻላል ይላል። ሌላው፣ ያልተወለዱ ሰዎችን ለማጥፋት ማን ፈቀደላት፣ ሕዝቡስ እውነቱን ሰምቶ የመምረጥ መብት አልነበረውም ወይ ይላል። ሁለተኛውን ጥያቄ መጽሐፉ በበቂ አልመለሰውም፤ የመለሰ ለማስመሰልም አልሞከረም።

ደራሲው ማንጋውን በሣለባቸው 12 ዓመታት የተለወጠ ሰው ነው። «ላፑታ»ን፣ «ቶቶሮ»ን፣ «ኪኪ»ን፣ «ፖርኮ ሮሶ»ን ሊሠራ በሄደ ቁጥር ማንጋው ይቆማል፤ ሲመለስ ዓለም ሌላ ሆና ትጠብቀዋለች። ዩጎዝላቪያ ስትፈርስና ጎረቤት ጎረቤቱን ሲገድል ማየቱ የቀድሞ እምነቱን አናግቶበታል፤ የመጨረሻዎቹ ቅጾች ያን መናጋት ይዘው ነው የወጡት።

ስለ ፊልሙ መጨረሻ በሠሪዎቹ መካከልም ክርክር ነበር። ሱዙኪ በኋላ እንደተረከው፣ ሚያዛኪ ያሰበው ናውሲካ በሚጋልቡት ኦሙዎች ፊት ስትወርድ እንዲያበቃ ነበር፤ ሞታ እንድትነሣ የገፋፉት ሱዙኪ ራሱና ፕሮዲዩሰሩ ኢሳኦ ታካሃታ ናቸው። በመጽሐፉ ትንቢቱም ሰማያዊው ልብስም አሉ፣ ግን በሁለተኛው ቅጽ ነው፤ ሞቶ መነሣትም የለም። ሚያዛኪ ፍጻሜው ሃይማኖታዊ መልክ መያዙ ሲከነክነው ኖሯል። ታካሃታ ደግሞ ፊልሙ እንደወጣ የሰጠው ማርክ እስከ ዛሬ ይነገራል፦ እንደ ፕሮዲዩሰር መቶ፣ እንደ ሚያዛኪ ወዳጅ ግን ሠላሳ። ጨካኝ ነው፤ ወዳጅ ሲባል እንዲህ ነው።

ይሁንና የመጽሐፉ ወገኖች «ፊልሙ አዳኝ አደረጋት» ሲሉ አንድ ነገር ይዘነጋሉ። በመጽሐፉስ ያገኛት ሁሉ ልቡ አይለወጥም? ጠላቶቿ አንድ በአንድ ፊቷ ይሟሟሉ፤ ሙታን በሕልም ያነጋግሯታል፤ በሐሳብ ከሩቅ የሚደረጉት ረጃጅም ንግግሮችም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያታክታሉ። መጽሐፉ አንዳንዴ እንደ ስብከት የሚረዝመውን ያህል ፊልሙ ረዝሞ አያውቅም።

ፊልሙ በበኩሉ የከፋ መቀስ ደርሶበታል። በ1985 አሜሪካ ሲገባ 22 ደቂቃ ያህል ተቆርጦበት፣ ናውሲካ ዛንድራ ተብላ፣ ርእሱም «የነፋስ ተዋጊዎች» ሆኖ ነው የወጣው። ሚያዛኪና ባልደረቦቹ በቀጣዮቹ ዓመታት ለውጭ ገበያ አንዲት ፍሬም እንዳትቆረጥ አጥብቀው የተከራከሩት ከዚህ የተነሣ ነው። «ፊልሙ ላዩን ብቻ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የትኛውን እንዳየ ጠይቁት።

ፍርዴን እንድሰጥ ከተፈለገ፦ እንደ አንድ ወጥ ሥራ ፊልሙ ይበልጣል። የትኛውም ቦታ አይንገዳገድም፣ ያሰበውን በልኩ ይናገራል። እንደ ሐሳብ ግን መጽሐፉ ይበልጣል፤ እንዲህ በድፍረት የራሱን የቀድሞ መልስ ያፈረሰ ደራሲ ብዙ አላውቅም። ሁለቱን ለማግኘት ዕድሉ ያላችሁ ፊልሙን አስቀድሙ፤ የሚፈርሰውን ነገር መጀመሪያ መውደድ ያስፈልጋል። ከመጽሐፉ ጀምሮ ወደ ፊልሙ የመጣ ሰው የጎደለውን ሲቆጥር ሁለት ሰዓቱ ያልፍበታል።

ፊልሙን ስትጨርሱ ደግሞ ስም ዝርዝሩ መሮጥ ሲጀምር አትነሡ። የመጨረሻዋ ምስል ከደኑ ሥር ያለችው ንጹሕ አሸዋ ናት፤ ናውሲካ እዚያ ከተወችው ቆብ አጠገብ አንዲት ለጋ ቡቃያ ወጥታለች። በመጽሐፉ ሕግ ከሄድን፣ ያን አየር ናውሲካ ብትተነፍሰው ደም ትተፋለች።