ምልክት የማይተው መርፌ

ጨፋ ሮቢት ገበያ የምትወርድ ሴት የሦስት ወር መርፌን ለምን እንደመረጠች ብትጠይቋት፣ ብዙ ጊዜ መልሱ አጭር ነው፤ አይታይም። ክኒን ትራስ ሥር ይገኛል። ክንድ ውስጥ የሚቀበረው በጣት ይዳሰሳል። መርፌውን ግን ተወግታ፣ ሽንኩርቷን ገዝታ ቤቷ ትገባለች፤ ባልም አማትም አያውቁም። የቀጠሮ ካርዷን እንኳ ቤት ባታስገባው ትመርጣለች።

ይኸው አለመታየቱ ነው አንድ ቀን ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ የሚከዳት።

አሜሪካ ውስጥ ሴቶች የዲፖ-ፕሮቬራን አምራች ፋይዘርን ከሰዋል። ክሶቹ በ2017 ዓ.ም ፍሎሪዳ፣ ፔንሳኮላ ወዳለ የፌዴራል ፍርድ ቤት ተሰበሰቡ። አቤቱታቸው መርፌው ሜኒንጂዮማ የሚባል የአንጎል ሽፋን ዕጢ ያመጣል፣ ኩባንያው ግን አላስጠነቀቀንም የሚል ነው። ኩባንያው ደግሞ ማስጠንቀቂያ ልጨምር ብዬ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ከልክሎኛል ይላል። በ2018 ዓ.ም ያው ተቆጣጣሪ ማስጠንቀቂያው እንዲገባ ፈቀደ። የካናዳው ወረቀት ዕጢውን ከዚያ ቀድሞ ጠቅሶት ነበር። እንግዲህ ፍረዱ።

ክሱን ያጋጋለው በመጋቢት 2016 ዓ.ም የወጣ የፈረንሳይ ጥናት ነው። መርፌውን ከአንድ ዓመት በላይ በወሰዱ ሴቶች ላይ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሜኒንጂዮማ ዕድል 5.6 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። አትደንግጡ፤ ዕጢው ብርቅ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ካንሰር አይደለም። ከተጠኑት 18,061 ታማሚዎች መርፌውን የወሰዱት 9 ብቻ ነበሩ። ለምን 9? ፈረንሳዮች ይህን መርፌ እምብዛም ስለማይወጉ! እኛ ዘንድ በ2011 ዓ.ም በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ካገቡት ሴቶች 27 በመቶው የእርግዝና መከላከያቸው መርፌ ነበር። ታዲያ ጥያቄው መጠናት የነበረበት የት ነው?

እዚህ ላይ የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «ለገጠር ሴት ይህን ከነገርሽ ትሸሻለች፤ ከዚያ ሳትፈልግ ታረግዛለች፣ በወሊድ ትሞታለች።» ግማሹ እውነት ነው፤ መርፌው ብዙ ሕይወት አትርፏል፣ ይቅር የሚል ሰው ካለ እኔ ከእሱ ጋር አይደለሁም። ግማሹ ግን ንቀት ነው። ዝናብ መቼ እንደሚጥል፣ ከብት መቼ እንደሚሸጥ የምታመዛዝን ሴት «ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ራስ ምታት ከጠናብሽ፣ ዓይንሽ ከደበዘዘ ተመለሺ» የሚለው ያቅታታል? ያውም በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ቢነገራት። ሳጥኑ ውስጥ ያለው የእንግሊዝኛ ወረቀት እሷ እጅ አይደርስም።

ንቀቱ አዲስ አይደለም። ከጎንደር ወደ እስራኤል የተጓዙ ቤተ እስራኤላውያን፣ መርፌውን ምንነቱ በቅጡ ሳይነገረን ተወጋን ብለው በቴሌቪዥን ተናገሩ። የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በጥር 2005 ዓ.ም፣ ሴቷ የመርፌውን ውጤት መረዳቷ ካጠራጠረ ማዘዣው እንዳይታደስ ለሐኪሞች ጻፉ። በኋላ የአገሪቱ ዋና ኦዲተር በግዳጅ ለመወጋታቸው ማስረጃ አላገኘሁም አለ። ይሁን። ግን ማንም ካላስገደዳት በቂ ነው? የነገራትስ ማን ነው?

አሁን ወደ ሕጋችን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው መንገድ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ደስ ይላል። አንቀጽ 2143 ግን ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልከሰስሽ ይርጋ ያግድሻል ይላል። ሜኒንጂዮማ ለዓመታት ቀስ ብሎ የሚያድግ ዕጢ ነው። ራስ ምታቱን «ብርድ ነው» ብላ ስትችለው፣ ከጨፋ ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ለምርመራ ስትመላለስ፣ ሁለቱ ዓመት ከየትኛው ቀን ይቆጠራል? ደርሶላት ብትከስ እንኳ ጠበቃው የመጀመሪያው ጥያቄው የየትኛው ፋብሪካ መርፌ ነው የሚል ይሆናል። ካርዱን ደብቃዋለች፤ ብልቃጡ ተጥሏል።

ስለዚህ ማስረጃውን የመያዝ ሸክም ከእሷ ላይ ይነሳ። የአምራቹ ስምና የብልቃጡ መለያ ቁጥር በጤና ኬላው መዝገብ በእያንዳንዷ ሴት ስም ይጻፍ፤ መዝገቡም ለባል የማይከፈት፣ ስትጠይቅ ለእሷ የሚከፈት ይሁን። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ማስጠንቀቂያውን በኦሮምኛና በአማርኛ አስነብቦ ያድርስ። ይርጋውም መቁጠር የሚጀምረው ሐኪም የዕጢውን ስም ከነገራት ቀን ይሁን።