ዓይን ሊኩሉ… ዓይን ያጠፉ!

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ፊት ነው። ፊት ስለ መንሳትና ፊት ስለ ማግኘት አይደለም፤ እሱንማ ቢሮ ለቢሮ የተንከራተተ ሁሉ ያውቀዋል። የማወራው ጠዋት ጠዋት በመስታወት ስለምናየው፣ ከግንባር እስከ አገጭ ስላለው ስለ ሥጋ ፊታችን ነው። ያውም ስለ ወንዶች ፊት!

«ይሄ ሰውዬ ጤና የለውም እንዴ? አገር በስንት ጣጣ ተይዛ እሱ ስለ ወንድ ቅባት ይጽፋል!» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ። እኔም እንደ እናንተ ስስቅ ነበር፤ ሳቄ የቆመው የገዛ ፊቴ ሲቃጠል ነው።

ኑሮዬ ቡራዩ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት የዘመድ ሠርግ ነበረብኝና በሰፈራችን ካሉት ጸጉር ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ አልኩ። ልጁ ጸጉሬን አስተካክሎ ሲጨርስ በመስታወቱ ውስጥ ትኩር ብሎ አየኝና «ወንድሜ፣ ፊትህ እኮ ሞቷል፤ ስክራብ ልሥራህ?» አለኝ። መቼ እንደሞተ አልሰማሁም ነበር። መርዶውን ከሰማሁ በኋላ ግን እምቢ ማለት ከበደኝና «እሺ፣ ሥራኝ» አልኩ።

በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ፊቴ ላይ ጣለ። ቀጥሎ አሸዋ አሸዋ የሚል ነገር በብሩሽ እየዛቀ ከግንባሬ እስከ አንገቴ ፈተገኝ። ብሩሹ ከእኔ በፊት የተቀመጠውን ሰውዬ የፈተገው ያው ብሩሽ ነው። ከዚያ ጺሜን በምላጭ ወደ ላይም ወደ ታችም ገፈፈው። በመጨረሻ ስምም ቀንም ከሌለው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ነጭ ክሬም አወጣና ቀባኝ። «ይሄ ምንድን ነው?» ብለው «የራሳችን ቅልቅል ነው፤ አታስብ!» አለኝ። እኔም አላሰብኩም።

እውነቱን ልናገር፤ ሠርጉ ላይ ፊቴ አበራ። ሙሽራው እሱ ነው ወይስ እኔ እስኪባል ድረስ! ለዓመታት አንገቴ ላይ የኖረው የጺም ብጉር በጥቂት ቀን ድራሹ ጠፋ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩና ከዚያችው ቅልቅል በትንሽ ዕቃ ገዛሁ። ማታ ማታ ስቀባ ሁለት ወር ሞላኝ። ክሬሙ አልቆ መቀባት ሳቆም ግን ጉዱ መጣ። ፊቴ ቀላ፣ ነደደ፣ መግል የቋጠረ ብጉር ወረረው። የገዛ ልጄ «አባዬ፣ ምን ሆንክ?» ብላ ሸሸችኝ።

ክሊኒክ ስሄድ ያየችኝ ሲስተር ብዙም አልመረመረችኝም። «ምን ስትቀባ ነበር?» ነው ያለችኝ፤ ታሪኩን ሳልነግራት ታውቀዋለች። እሷ የላከችኝ የቆዳ ሐኪም ደግሞ ነገሩን አፍረጥርጦ ነገረኝ። እንዲህ ዓይነት «ቅልቅሎች» ውስጥ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚባሉ የስቴሮይድ መድኃኒቶች ይገባሉ። መድኃኒቶቹ በራሳቸው ክፉ አይደሉም፤ ሐኪም አይቶ ለታወቀ በሽታ፣ ለተወሰነ ቀን ሲያዛቸው ሰው ያድናሉ። ፊት ላይ ያለ ትእዛዝ ለወራት ሲቀቡ ግን ቆዳውን ያሳሱታል፣ የደም ሥሩን ያሳዩታል፣ ብጉር ያፈሉበታል። መቀባቱ ሲቆም ደግሞ ፊቱ ይነዳል። ሰውዬው ማቃጠሉን ለማብረድ ተመልሶ ይቀባል፤ እንዲህ እያለ የቅባቱ እስረኛ ይሆናል። ለእኔ የጠፋልኝ የመሰለኝ ብጉር ጠፍቶ ሳይሆን ተሸፍኖ ነበር ማለት ነው።

ነገሩ የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ግን ሥራዬ መጠየቅ ነውና ሰበታና ሱሉልታም ሄጄ የጸጉር ቤት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሦስቱም የአዲስ አበባ በሮች ናቸው፤ ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ። ስሙ ይለያይ እንጂ ሥራው አንድ ነው። አንዱ ጋ «ስክራብ»፣ አንዱ ጋ «ፌሻል»፣ ሌላው ጋ «ፊት ማጽዳት» ይሉታል። በገባሁባቸው ቤቶች ሁሉ መጨረሻው ያው ስም የሌለው ዕቃ ነው።

ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት እነማን ናቸው ብትሉኝ፣ ሽቅርቅሮች አይደሉም። ሰበታ ያገኘሁት ወጣት ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ የወጣ ነው። ሱሉልታ ያገኘሁት ቀኑን ሙሉ ፀሐይና ነፋስ ሲገርፈው የሚውል የግንባታ ሠራተኛ ነው። «አዲስ አበባ ሆቴል ሥራ ልጠይቅ ስሄድ ከፊቴ በፊት አቧራዬን ነው የሚያዩት» አለኝ አንዱ። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ትንሽ ቀላ ብል ብዬ ነው» አለኝ። ጉዳዩ እዚህ ጋ ነው! እኛ አገር ሰው ሲገለጽ «ቀይ ነው፣ ጠይም ነው፣ ጥቁር ነው» እየተባለ ነው። ቀዩ ሲመረቅ፣ ጥቁሩ ሲጽናና ያደገ ልጅ፣ ደመወዙን ለቅባት ቢሰጥ በእሱ አልፈርድም። የምፈርደው ችግሩን አይቶ መርዝ በሚሸጥለትና፣ ሻጩን አይቶ እንዳላየ በሚያልፈው ላይ ነው።

መርዝ ያልኩት ለማጋነን አይደለም። ከስቴሮይዱ ሌላ ቆዳ ለማቅላት የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ሜርኩሪ ነው፤ በቆዳ ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል። በዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች በ2023 እ.ኤ.አ. ጄኔቭ ላይ ተሰብስበው ሜርኩሪ የተጨመረበት የውበት ቅባት በሙሉ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. እንዲቀር ወስነዋል። ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። ለረጅም ጊዜ የተቀባው ሰው ሊቀላ ፈልጎ ፊቱ ላይ ሰማያዊ ጥቁር የሆነ፣ በቀላሉ የማይለቅ ጠባሳ ይወጣበታል። ደቡብ አፍሪካ ይህን በሕዝቧ ላይ ካየች በኋላ በ1990 እ.ኤ.አ. ከውበት ቅባቶች ውስጥ አግዳዋለች። ሩዋንዳ በ2018 እ.ኤ.አ. ፖሊሶቿን ሱቅ ለሱቅ ልካ ማቅያ ቅባት አስለቅማለች። እነሱ ምን አሏቸው፣ እኛ ምን ጎደለን?

ሕግ ነው የጎደለን እንዳይባል ሕጉ አለ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከምግብና ከመድኃኒት ጋር የውበት መጠበቂያንም ይቆጣጠራል። ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱም በስሙ ተቋቁሟል። መዋቅር ነው የጎደለን እንዳይባል፣ ሦስቱ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ክፍለ ከተማ ሆነዋል፤ የማኅተምና የወንበር እጥረት የለም። ታዲያ ምንድን ነው? ያንን የቡራዩውን ልጅ ተመልሼ ሄጄ ጠየቅሁት። «ግብር የሚጠይቁኝ ይመጣሉ፤ ንግድ ፈቃድህ የታለ የሚሉኝ ይመጣሉ። ስለ ክሬሙ ግን የጠየቀኝ ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ» አለኝ። ከዚህ በላይ ምን ልጨምር?

ልጁን ላስጠይቀው አልፈለግሁም። እሱም ቅልቅሉን ከመርካቶ ነው የሚያመጣው፤ ምን እንዳለበት አያውቅም። ራሱም ይቀባዋል! ይህን ሲነግረኝ ጉንጩን አየሁት፤ ቀጫጭን ቀይ የደም ሥሮች እንደ ክር ተዘርግተውበታል። ሰው የማያውቀውን ሸጦ በማያውቀው ሲታመም፣ አውቆ ሊያስጠነቅቀው ደመወዝ የሚከፈለው ሰው የት ነው ያለው?

ሌላም አለ። ጸጉር ቤቶቻችን ቶንዶሱን አልኮል አርከፍክፈው በእሳት ለኮስ ማድረጉን ለምደዋል፤ ተመስገን ነው። በኤች አይ ቪ ዘመቻ ጊዜ ስንት ተለፍቶ «ምላጭ አትጋሩ» የሚለው ወደ ጆሯችን ገብቷል። ብሩሹንና ፎጣውን ግን ማንም አላሰበበትም። በሻካራ ነገር የተፈተገ ፊት ዓይን የማያየው ቁስል አለው፤ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው የሚዞር ብሩሽ ጭርቱንም መግሉንም ይዞ ይዞራል። የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ዕቃ ላይ በደረቀ ደም ቢያንስ 7 ቀን በሕይወት ይቆያል። «ፎጣውን ለምን አትቀይሩም?» ስላቸው «በምን ውሃ እናጥበዋለን?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ገፈርሳ ግድብ አፍንጫችን ሥር ተኝቶ አዲስ አበባን ሲያጠጣ፣ እኛ ሰፈር ቧንቧው ቀን ቆጥሮ ነው የሚመጣው። የፊት ንጽሕና ያለ ውሃ ከየት ይመጣል?

እንግዲህ «ዝጉ፣ አሽጉ» የሚል ምክር አልሰጥም። ማሸግ ስንወድ! ጸጉር ቤቱ ሥራ አጥቶ ከመንገድ የቀረ ወጣት እንጀራ ነው። የምለው ሌላ ነው። ተቆጣጣሪው ግድግዳ ላይ ያለውን ፈቃድ ብቻ ሳይሆን መደርደሪያ ላይ ያለውን ዕቃ ይይ። ስም፣ የተሠራበት ቦታና ይዘቱ ያልተጻፈበት ክሬም ይሰብሰብ፤ ግን ከልጁ ሳይሆን ከምንጩ፣ ከአከፋፋዩ ይጀመር። ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ያለ ሐኪም ወረቀት እንደ ማስቲካ መሸጡ ይቁም። ለፀጉር አስተካካዮች ደግሞ ቢያንስ የአንድ ቀን ትምህርት ይሰጥ። ይህ ሁሉ ከአንድ የስብሰባ አበል የሚበልጥ ወጪ አይመስለኝም።

ወንድሞቼ፣ እስከዚያው እኛም ራሳችንን እንጠብቅ። ሐኪሜ የነገረኝን ላካፍላችሁ፤ በነጻ ነው። የቆዳ የላይኛው ሽፋን በአንድ ወር ገደማ ራሱን በራሱ ይለውጣል፤ «የሞተውን» ለማንሳት አሸዋ አያስፈልገውም። መፈተግ የፈለገ በለስላሳ ጨርቅና በለብ ያለ ውሃ፣ በሳምንት አንዴ ቢያደርገው ይበቃዋል፤ ብጉር ወይም ቁስል ካለበት ግን ጨርሶ ይተወው። ስኳርና የቡና አተላ ፊት ይቧጭራሉ። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ደግሞ ቆዳን ያቃጥላል፣ ያጠቁራል።

የጺም ብጉር የሚያስቸግራችሁ፣ ጥፋቱ የቆሻሻ አይደለም። የእኛ ጺም ጥቅልል ነው፤ ሥሩ ድረስ ሲላጭ ጫፉ ሾሎ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጺሙ በበቀለበት አቅጣጫ ብቻ መላጨት፣ ሥሩ ድረስ አለመግፈፍ፣ ከተቻለም በቶንዶስ አሳጥሮ መተው ነው መፍትሔው። ብሩሽና ፎጣ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ምላጩ ፊታችሁ ይከፈት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስሙን የማታውቁትን አትቀቡ። ለወራት ስትቀቡት የኖራችሁ ካላችሁ ግን ዛሬውኑ ወርውራችሁ አትጣሉት፤ እንደ እኔ ይነዳባችኋል። ሐኪም ዘንድ ሂዱና እሱ በዘዴ ያስጥላችሁ። የሰበታ ልጆች እንኳ ወደ አዲስ አበባ ስትገቡ ዘነበወርቅ ላይ አለርት ሆስፒታል አለላችሁ፤ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆዳ በሽታ ሲያክም የኖረ ቤት ነው።

ስለ ፀሐዩም አንድ ነገር ልበል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በየ1000 ሜትሩ ከፍታ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,600 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱ ስላለ ጨረሩ የሌለ ይመስለናል። እግዜር ይህን አውቆ ጥቁረትን ጃንጥላ አድርጎ ሰጠን። እኛ ደግሞ በገንዘባችን ጃንጥላውን ቀድደን ፀሐይ ላይ እንቆማለን። ቆብ ማድረግና ቫዝሊን መቀባት ከዚያ ቅልቅል በስንት እጅ ይሻል ነበር!

የእኔ ፊት አሁን እየዳነ ነው፤ ሐኪሙ ወራት ይፈጃል ብሎኛል። አንገቴ ላይ ብጉሩ ተመልሷል፤ እኔም ጺሜን ትቼዋለሁ። የቡራዩው ልጅ ግን አሁንም ያንኑ ዕቃ ይዞ መስታወቱ ፊት ቆሟል፤ ነገ ጠዋት ሥራ ፍለጋ የሚሄድ አንድ ልጅ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። «ፊትህ እኮ ሞቷል» ይለዋል። ይህን የሚሰማ ተቆጣጣሪ ካለ ከወንበሩ ይነሣ። ከሌለ ደግሞ ሕዝብ ላይ ፊቱን ያዞረ ማን እንደሆነ እናውቃለን።

ቸር ያሰማን!