የተከፈለበት ጌም የማን ነው?

ወልድያ ውስጥ ወደ አንዱ ፕሌይስቴሽን ቤት ጎራ ያለ ሰው የሚያየው የታወቀ ነው። ሁለት ልጆች ጆይስቲክ ጨብጠዋል፣ ሌሎች ከኋላ ቆመው ተራ ይጠብቃሉ፣ አንዱ ማንም ሳይሾመው ዳኛ ሆኗል። ሕጉ አጭር ነው፦ የተሸነፈ ይከፍላል። ወደ መርሳ ወረድ ቢሉ፣ በሀብሩ የመንገድ ዳር ከተሞች ቢያልፉም ነገሩ ብዙ አይለይም። ስክሪኑ ላይ ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኳስ ነው። 25 ሺህ ገደማ ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም በ2009 ዓ.ም. ያስመረቀች፣ ክለቧን በፕሪሚየር ሊግ ያየች ከተማ ልጆች ከኳስ ሌላ ምን ሊመርጡ ነው?

በእነዚህ ቤቶች ከሚከፈቱት ጌሞች ብዙዎቹ ግን ዛሬ በዲጂታል ሱቅ አይሸጡም። ፊፋን ለሠላሳ ዓመት ገደማ ሲያወጣ የኖረው ኢኤ ከዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር ጋር የነበረው የስም ስምምነት ሲያበቃ፣ ፊፋ 23 የመጨረሻው ሆነ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ኩባንያው ፊፋ 23ንና በሱቆቹ የቀሩትን የቀደሙ የፊፋ ጌሞች ከሽያጭ አነሳ። ጌሞቹ አልተበላሹም፣ ፈላጊም አላጡም። ያለቀው ፈቃዱ ነው።

ይህ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። አዲስ ገዥ አያገኘውም፤ ዲስኩ በእጁ ያለው ግን መጫወቱን ይቀጥላል። ሁለተኛው ደረጃ የከፋ ነው፤ የከፈለውም ሰው ያጣል።

ዩቢሶፍት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው «ዘ ክሩ» የተባለ የመኪና ውድድር ጌም ለዚህ ምስክር ነው። ብቻውን የሚጫወትም ሰው ከኩባንያው ሰርቨር ጋር መገናኘት ነበረበት። በታኅሣሥ 2023 ጌሙ ከሽያጭ ወጣ፤ በመጋቢት 2024 መጨረሻ ሰርቨሩ ተዘጋ። ዲስኩን በገንዘቡ ገዝቶ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠ ሰው የቀረው ክብ ፕላስቲክ ብቻ ነው።

ምስጢሩ ያለው «ግዛ» በሚለው ቁልፍ ውስጥ ነው። ቁልፉ ግዛ ይላል፤ ማንም የማያነበው ረጅሙ ውል ግን የተሸጠው ጌሙ ሳይሆን በጌሙ የመጠቀም ፈቃድ እንደሆነ፣ ሻጩም ፈቃዱን ሊያነሳ እንደሚችል ይናገራል። በሬ ገዝቼ ወደ ቤቴ ነዳሁ ያለ ገበሬ፣ ለካስ የከፈለው የኪራይ ነበር እንደማለት ነው። ያውም ኪራዩ መቼ እንደሚያልቅ ሳይነገረው።

ጦርነት በተደጋጋሚ ባለፈበት በሰሜን ወሎ ስለ ጌም ማውራት ቅንጦት ነው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ይህን ጉዳይ ከወልድያና ከመርሳ ልጅ የተሻለ የሚረዳው የለም። በ2013 ክረምት መጨረሻ ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከስልክም ከመብራትም ተለይታ ቆይታለች። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለአንድ ዓመት ገደማ ቆይቷል። ያን ጊዜ የማንም ስልክ አልጠፋም፤ ስልኩ ውስጥ ያለው ነገር ግን ለሁለት ተከፈለ። በኢንተርኔት ብቻ የሚሠሩት፣ እንደ ፍሪ ፋየርና ኢፉትቦል ያሉት፣ ምልክታቸው ብቻ ቀረ። ሜሞሪ ላይ የተጫነው ዘፈን፣ ፊልምና ጌም ግን እንደነበረ ነበር። የዘጋው አካል የተለያየ ነው፣ ምክንያቱም አይገናኝም፤ ተጠቃሚው የተማረው ግን አንድ ነው፦ ሩቅ ካለ ሰው በየጊዜው ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር የራስ አይደለም።

ይህን ትምህርት ሞባይል ቤቶቹ ከማንም ቀድመው ሠርተውበታል። የሶኒ ፒኤስፒ ምርቱ ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የራሱ ሱቅም ተዘግቷል። የፒኤስፒው ፔስ ግን ዛሬም በርካሽ አንድሮይድ ስልክ ላይ ይሠራል፤ ከሜሞሪ ወደ ሜሞሪ፣ በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ። የስልኩ ኦፊሴላዊ ፔስ 2021 በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ2022 በአፕዴት ወደ ኢፉትቦል ተቀየረ። አሮጌው ይሻለኛል ያለ ተጫዋች ምርጫ አልተሰጠውም።

እዚህ ላይ እውነቱን መሸፋፈን አይገባም። ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው አብዛኛው ቅጂ ያልተከፈለበት ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996ም አይፈቅደውም። ጉዳቱም ለሩቅ ኩባንያ ብቻ አይደለም። «ኩኩሉ»ን የሠራው የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ ዓይነት ድርጅት ሥራው በነጻ ሲገለበጥ ደመወዝ የሚከፍልበት ያጣል። ቅጂ ማስተላለፍን ጀግንነት ማድረግ ስለዚህ ስህተት ነው።

ግን ሌላው ወገንም ይታይ። የኢትዮጵያ ተጫዋች ልክፈል ቢልስ? የፕሌይስቴሽን የኢንተርኔት አገልግሎት ኢትዮጵያን ከሚያገለግላቸው አገሮች ውስጥ አላካተተም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ሶኒ የኮምፒውተር ተጫዋቾች ሁሉ ይህን አካውንት እንዲከፍቱ ሊያስገድድ ሲል፣ «ሄልዳይቨርስ 2» አገልግሎቱ በሌለባቸው 177 ያህል አገሮችና ግዛቶች ከስቲም ሽያጭ ወጣ። ግዴታው በተጫዋቾች ቁጣ በቀናት ውስጥ ተነሳ፤ ሽያጩ ግን ወዲያው አልተመለሰም። ስለዚህ የዚህ አገር ልጅ በሌላ አገር ስም አካውንት ይከፍታል፣ ጊፍት ካርድ በብር ከደላላ ይገዛል። አካውንቱ ቢዘጋ፣ ጌሙ ቢነሳ ለማን አቤት ይላል? ደረሰኝ የለው፣ አድራሻው የውሸት፣ ሻጩ የቴሌግራም ስም። ጌም ከሱቅ መነሳት የትም ያናድዳል፤ እዚህ ግን ገንዘቡም አብሮ ይቀራል።

ኩባንያዎቹ የሚያቀርቡት ክርክር ዋዛ አይደለም። ሰርቨር ወጪ አለው፤ የክለብ፣ የዘፈንና የመኪና ስም ፈቃድ ጊዜው ያልፋል፤ ለጥቂት ተጫዋች ሲባል ዘላለም ክፈሉ ማለትም አይቻልም። ግን ዘላለም ክፈሉ ያለ የለም። በዘ ክሩ መዘጋት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2024 «ጌሞችን መግደል አቁሙ» ብሎ የተነሳውና በአውሮፓ ኅብረት አቤቱታው ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ያሰባሰበው ዘመቻ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ስትሄዱ በሩን ክፍት ትታችሁ ሂዱ፣ የተሸጠው ጌም ያለ እናንተ የሚሠራበትን መንገድ ተዉ። ይህ እንደሚቻል ደግሞ ዩቢሶፍት ራሱ አሳይቷል፤ ከጩኸቱ በኋላ ለዘ ክሩ 2 ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበትን አማራጭ አወጣ።

የካሊፎርኒያ ግዛት በበኩሏ ከጥር 2025 ጀምሮ ፈቃድ ብቻ የሚሸጥ ዲጂታል ሱቅ ይህንኑ ለገዥው በግልጽ ሳይናገር «ግዛ» እንዳይል በሕግ ከልክላለች። ኢትዮጵያም ለዚህ ባዶ እጇን አይደለችም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። ሶኒን ከወልድያ መክሰስ ባይቻል፣ እዚሁ አገር በብር የሚሸጡ መተግበሪያዎች፣ የሙዚቃና የመጽሐፍ አገልግሎቶች የሚሸጡት ዕቃ ይሁን ፈቃድ በአማርኛ በግልጽ እንዲጽፉ ማስገደድ ግን ይቻላል።

ሁለተኛው ሥራ ማስቀመጥ ነው። በአገር ውስጥ የሚታተም መጽሐፍ ቅጂው ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት እንዲገባ በሕግ ታዟል። ያው ሥርዓት በአገር ልጅ የተሠራ ጌምና መተግበሪያ ላይም ይድረስ። ሠሪው ድርጅት ቢዘጋ፣ ጎግል ቢያነሳው፣ ሥራው ከነጭራሹ እንዳይጠፋ።

ሦስተኛው ለአገር ውስጥ ሠሪዎች ነው። ኢንተርኔቱ በማንኛውም ቀን ሊጠፋ በሚችልበት አገር ለአንድ ተጫዋች የተሠራን ጌም ያለ ኢንተርኔት እንዳይከፈት ማድረግ ለደንበኛ አለማሰብ ነው። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ በብር የሚከፈልበት፣ ዋጋው የተማሪ ኪስ የሚችለው ጌም ከመጣ፣ ሜሞሪ አስጭኖ ከሚሄደው ልጅ ከፋይ የሚሆን አይጠፋም።

መርሳ ላይ ያ ልጅ ስልኩን ሞባይል ቤት ሰጥቶ ጌም ሲያስጭን ስለ አሜሪካና አውሮፓ ክርክር አልሰማም። ኢንተርኔቱ በተዘጋበት ዓመት ግን ኳሱን የተጫወተው በስልኩ ከነበረው ነው። እንዲከፍል የሚፈልግ ሻጭ መጀመሪያ የሸጠለትን ይስጠው።