ታንክ ብቻውን አገር አይጠብቅም

ግብፅና ሶማሊያ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የመከላከያ ስምምነት ከተፈራረሙና መሣሪያ የጫኑ የግብፅ አውሮፕላኖች ሞቃዲሾ ካረፉ ወዲህ፣ በምግብ አዳራሹም በመኝታ ቤቱም የሚሰማው አንድ ቃል ነው፤ «እኛም እንታጠቅ!» የሚል። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ እንደሚሻል አንክድም። የምንጠይቀው፣ ጥንቃቄው ምንድን ነው? ብለን ነው።

ስጋቱን ከሚያናንቁት ወገን አይደለንም። በ1956 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ሶማሊያን ለማስታጠቅ ስትስማማ ነገሩን የናቁ ሁሉ ተሳስተዋል። ያ ጦር በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ድንበራችንን ጥሶ ገባ፤ በመስከረም 1970 ጅጅጋን ያዘ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ድል እስኪገኝ ድረስ የፈሰሰው የወገኖቻችን ደም ነው።

ነገር ግን ታሪኩን ከግማሽ መንገድ ላይ አንዝጋው። ሶማሊያን ያስታጠቀችው ሶቪየት ኅብረት ራሷ ፊቷን አዙራ እኛን አስታጠቀች። መሣሪያው ከአንድ ቤት መጣ፤ የሞተው ግን የሁለት ድሃ አገሮች ልጅ ነበር።

ከዚያስ? ሁለቱ መንግሥታት በመጋቢት 1980 ዓ.ም. ታረቁ። ዕርቁ ሦስት ወር ሳይሞላው ሐርጌሳ በዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ትደበደብ ጀመር፤ በሰኔ ደግሞ የሐውዜን ገበያተኛ በደርግ አውሮፕላኖች አለቀ። ለጠላት ተብሎ የተገዛው መሣሪያ በገዛ ሕዝብ ላይ ዞረ! በጥር 1983 ዚያድ ባሬ ከሞቃዲሾ ሸሸ፤ በግንቦት 1983 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአዲስ አበባ ኮበለለ። ሁለቱም በአፍሪካ ከታወቁት ግዙፍ ሠራዊቶች ያላቸው ነበሩ። የጣላቸው የጎረቤት ታንክ አልነበረም፤ የበደሉት ሕዝብ ነው።

እንግዲህ «መሣሪያ፣ መሣሪያ» የሚሉን ይመልሱልን፦ ገበሬው በመንደሩ በሰላም ካላደረ፣ ታንኩ የሚጠብቀው ማንን ነው? አገር መከላከያ አያስፈልጋት አንልም። የሚታጠቅ መንግሥት ግን አስቀድሞ ከሕዝቡ ይታረቅ፤ ለጦር የሚያወጣውንም ገንዘብ በግልጽ ያሳውቅ እንላለን። አዲስ አበባና ሞቃዲሾ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አንካራ ላይ ተቀምጠው መነጋገር እንደሚችሉ አሳይተዋል። የሶማሊያም ተማሪ እንደ እኛው የጦርነት ልጅ ነው።

ጓደኞቻችንና መምህሮቻችን ሆይ! የጎረቤትን ታንክ የምንቆጥረውን ያህል የገዛ ቤታችንን ቁስል እንቁጠር። የሚታከመው ያኛው ነው።